ባለቤቴ «ገባሽ?» ሲለኝ ጆሮዬን መድፈን ያምረኛል

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። የ33 ዓመት ሴት ነኝ። ከተጋባን ስድስት ዓመታችን ነው፤ የአራት ዓመት ልጅ አለችን። ባለቤቴ ደግ ሰው ነው፤ አይጠጣም፣ አያመሽም፣ ለልጁ ሟች ነው። ችግሬን ብናገር ሰው የሚስቅብኝ ስለሚመስለኝ ለማንም ተንፍሼው አላውቅም። የሚያናድደኝ አነጋገሩ ነው። አንድ ነገር ተናግሮ በጨረሰ ቁጥር «ማለት ነው» ይላል፤ «ገባሽ?» ይከተላል። «ዛሬ ታክሲ አጣሁ ማለት ነው። ገባሽ? ስለዚህ እስከ ድልድዩ በእግሬ መጣሁ ማለት ነው።» ስንተዋወቅም ይለው ነበር፤ ያኔ ግን ከነመኖሩም አላስተውለውም።

እኔ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። ባለፈው ስለ ብድር ወለድ ሲያስረዳኝ «ገባሽ?» ያለውን ስቆጥር ዋናውን ወሬ ሳልሰማው ቀረሁ። አሁን ሁሌ እቆጥራለሁ። ሲያወራ ስልኬን የማነሳውም ላለመስማት ነው።

ከአምስት ወር በፊት የክፍል ኃላፊ ሆነና በየሳምንቱ ሰኞ ስብሰባ ላይ ሪፖርት ያቀርባል። እዚያው የምትሠራ ጓደኛዬ ከኋላው «አቶ ማለት ነው» እያሉ እንደሚጠሩት ነገረችኝ። አንጀቴ ተላወሰ። የፋሲካ ማግስት ወንድሙ መጥቶ ሲጫወቱ ግን ትዕግሥቴ አለቀና «ኧረ በማርያም፣ አንድ ጊዜ እንኳ ‹ማለት ነው› ሳትል ተናገር!» አልኩት። ወንድሙ ሳቀ። እሱ ዝም አለ፤ ሦስት ቀን ሙሉ ከ«እሺ» እና ከ«አይ» ሌላ ቃል አልወጣውም። አሁን ታርቀናል፤ ከእኔ ጋር ሲያወራ ግን እየተጠነቀቀ ነው፣ በተጠነቀቀ ቁጥር ደግሞ ይብስበታል። ትናንት ልጄ አሻንጉሊቷን አስተኝታ «ተኛች ማለት ነው» ስትል ሰማኋት። ልንገረው ወይስ ልቻለው? ለዚህ ብዬ ትዳሬን ማበላሸት አልፈልግም።
ስሜ ይቆይ፣ ከገርጂ

መልስ፦
እህታችን፣ ደብዳቤሽ የሚሳቅበት አይደለም። የሚወዱትን ሰው ድምፅ መሸሽ ከባድ ነገር ነው፤ አንቺ ደግሞ በአንድ በኩል እየተናደድሽ በሌላ በኩል እያዘንሽለት ሁለቱንም ለብቻሽ ይዘሽ ከርመሻል። ለመናገሩ እንደርስበታለን። ከዚያ በፊት ግን ሁለቱን ቃላት ለያይተን እንያቸው፤ ደብዳቤሽ ላይ ተከታትለው ቢመጡም ሥራቸው የተለያየ ነው፣ መፍትሔያቸውም እንደዚያው።

«ማለት ነው» ፋታ መውሰጃ ነው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ባለቤትሽ «በእግሬ መጣሁ» ሲል ሐሳቡ ተዘግቷል፤ የሚቀጥለው ግን ገና አፉ አልደረሰም። እዚያች ክፍተት ላይ ዝም ካለ ደግሞ ሌላው ሰው ጨረሰ ብሎ ተራውን ሊወስድበት ይችላል። ይህ የእኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። ከጃፓንኛ እስከ ዴንማርክኛ አሥር ቋንቋዎችን ያነጻጸረና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት፣ አንዱ ጠይቆ ሌላው መልስ እስኪጀምር ያለው ክፍተት በአማካይ የሴኮንድ አንድ አምስተኛ ያህል መሆኑን አሳይቷል። አእምሮ አንዲት ቃል እንኳ አሰናድቶ ለማውጣት ግን ከግማሽ ሴኮንድ በላይ ይፈልጋል። ልዩነቱን የሚሞላው እንዲህ ያለው ቃል ነው። ኸርበርት ክላርክ እና ጂን ፎክስ ትሪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ኧ» እና «ኧም» ለሰሚው «ትንሽ ጠብቀኝ» የሚል ምልክት ናቸው ብለዋል፤ የመጀመሪያው ለአጭር ቆይታ፣ ሁለተኛው ረዘም ላለው። በእኛ ንግግር «ያው» እና «እንግዲህ» መግቢያው ላይ ይቆማሉ፣ «እንትን» መሀል ላይ የጠፋውን ስም ይተካል፣ «ማለት ነው» ደግሞ ከግሱ በኋላ ይመጣል። «ማለት ነው» ያለው ሰው አልጨረሰም ማለት እንጂ ሐሳብ የለውም ማለት አይደለም። ኃላፊ ከሆነ ወዲህ ስንት አዲስ ነገር ይዞ እንደሚመጣ ስታስቢ ቃሉ ቢበዛ አይገርምም።

«ገባሽ?» ግን ካንቺ የሚፈልገው ነገር አለ። የአማርኛ ጨዋታ ሰሚው «እህ»፣ «እሺ» ካላለለት አይሄድም፤ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን የምንላት አጭሯ «አዎ» እንኳ ለተናጋሪው «ቀጥል፣ አብሬህ ነኝ» ትለዋለች። ይህ ሲቋረጥበት ተናጋሪ መሰማቱን ይጠራጠራል፤ ሲጠራጠርም ይጠይቃል። አሁን ቤታችሁን እይው። እሱ «ገባሽ?» ይላል፣ አንቺ ስልክሽን ታነሻለሽ፣ «እህ» የሚለው ይጠፋል፣ እሱም «ገባሽ?»ን ይደጋግማል። ጥፋቱ ያንቺ ነው ለማለት አይደለም፤ ቃሉ ቀድሞም ነበር ብለሻል። እየባሰ የሄደበት መንገድ ግን በከፊል ይሄ ይመስለናል። ደስ የሚለው ነገር፣ ይህኛውን ወገን እሱን ምንም ሳትጠይቂ ልታላልሺው ትችያለሽ።

አንድ ነገር እንጠይቅሽ፤ መልሱን ለራስሽ ያዢው። ስለ ታክሲው ሲያወራ የሚለው «ገባሽ?» እና ስለ ወለዱ ሲያስረዳ የሚለው «ገባሽ?» እኩል ያናድዱሻል? ደብዳቤሽ ላይ «እኔ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ» ብለሽ የጻፍሽው ያለ ምክንያት አይመስለንም። ሙያሽን አንቺኑ መልሶ ሲያስተምርሽ የሚያመው መናቁ ከሆነ፣ ቃሉ ነገ ቢጠፋ እንኳ ቅሬታው ይቀራል። ያንን ለብቻው ንገሪው፦ «ስለ ብድር ስታስረዳኝ ሥራዬ መሆኑን የረሳኸው ይመስለኛል፤ ከማስረዳት ይልቅ ብታማክረኝ ደስ ይለኛል።» ከ«ማለት ነው» ጋር አትቀላቅዪው፤ ከተቀላቀለ ሁለቱም ይጠፋሉ። ሌላም እናንሳ፤ ስትተዋወቁ ሳታስተውዪው የኖርሽው ቃል አሁን ለምን ጎላ? ልጅ ከመጣች ወዲህ ለብቻችሁ የምታወሩት ስንት ደቂቃ ነው? ሲደክመን ጆሯችን ጠባብ ይሆናል።

አካሄዱን በሳምንት ብትከፍዪው ይሻላል፤ የመጀመሪያው ሳምንት ያንቺ ይሁን። ምንም አትንገሪው። ሲያወራ ስልክሽን ወዲያ አስቀምጪ፣ ግሱ ላይ ሲደርስ «እህ» በዪው፣ አንድ ጉዳይ ሲጨርስ ደግሞ የሰማሽውን በአንድ ዓረፍተ ነገር መልሺለት፦ «ስለዚህ ብድሩ እስከ ሰኔ ይቆያል ነው የምትለው?» ይህች አንድ ጥያቄ ሁለት ሥራ ትሠራለች። እሱ መሰማቱን ስለሚያውቅ «ገባሽ?» ለማለት ምክንያቱ ይቀንሳል። አንቺም ለመመለስ ስትዪ ፍሬ ነገሩን መፈለግ ስላለብሽ ቆጠራው ይበታተናል፤ ጆሮ ሁለቱን አንድ ላይ መሥራት ይቸግረዋል። «አልቁጠር» ብሎ ራስን መከልከል ብቻውን አይሆንም፤ የተከለከለው ነገር ይበልጥ ይሰማል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የማስመሰል ያህል ሊከብድሽ ይችላል፤ አትተዪው። ሳምንቱ ሲያልቅ «ገባሽ?» ላልቶ ካገኘሽው ምን ሲለምን እንደነበር ታውቂያለሽ።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ንገሪው። ልቻለው ብለሽ መተው ያምራል፤ ግን አሁንም እየቻልሽው አይደለም፣ ያልተናገርሽው ነገር ፋሲካ ማግስት በወንድሙ ፊት ወጥቷል። መሥሪያ ቤት ያለው ነገር ደግሞ በራሱ ጊዜ ጆሮው መድረሱ አይቀርም፤ ካንቺ በደግነት ቢሰማው ይሻለዋል። ቅዳሜ ወይም እሑድ፣ ልጅቷ ስትተኛ፣ ሁለታችሁ ብቻ ቡና ላይ ስትሆኑ ይሁን። እሑድ ማታ ግን አይሁን፤ ሰኞ ጠዋት ሪፖርት ይጠብቀዋልና ይዞት ያድራል። ከሪፖርት እንደተመለሰም አይሁን። አነጋገርሽ እንዲህ ቢሆን፦

«በወንድምህ ፊት እንደዚያ ማለቴ ልክ አልነበረም፤ ይቅርታ አድርግልኝ። ነገሩን ግን ለብቻችን ልነግርህ ፈልጌ ነው። ስትናገር ‹ማለት ነው› ይበዛል። ሰኞ ሪፖርት ስታቀርብ የደከምክበትን ሥራ እንዳይሸፍንብህ ሰጋሁ። ከፈለግህ አብረን እንለማመዳለን፤ ካልፈለግህ ደግሜ አላነሳውም።»

ይቅርታው ላይ «ግን አንተም...» የምትል ጭራ አትቀጥዪ። «ሁሌ»፣ «በየቃሉ» የሚሉትንም ተዪያቸው፤ መከራከሪያ ይሆናሉ። «ገባሽ?»ን በዚያ ቀን አታንሺ፤ አንድ ቃል ይበቃል። ቅጽል ስሙን አትንገሪው። ስሙን ከሰማ ሰኞ አዳራሹ ውስጥ ሲቆም ማን እንዳወጣለት ፊት ለፊት እየፈለገ ነው የሚቆመው፤ የጓደኛሽንም እንጀራ ማሰብ አለብሽ። «ሰው ያወራል እንዴ?» ካለሽ ግን አትዋሺው፤ «አዎ፣ አንዳንዶች እንዳስተዋሉት ሰምቻለሁ» በቂ ነው። ማን እንደሆነ ከጠየቀ «ማንነቱ ካንተ ሥራ አይበልጥም» ብለሽ እዚያው ላይ አቁሚ።

እሺ ካለ ሥራው የሚከተለው ነው። ይህ ዘዴ ናታን አዝሪን የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1973 ካቀረበው ልማድን የማስቀረት ልምምድ የመጣ ነው፤ በኋላ በሕዝብ ፊት በሚናገሩ ተማሪዎች ላይ ተሞክሮ ጣልቃ የሚገቡ ድምፆችን መቀነሱ ታይቷል። ሁለት እጅ አለው፦ መጀመሪያ መስማት፣ ቀጥሎ በቦታው ሌላ ነገር ማድረግ።

ለመስማቱ ስልኩ ላይ ያለው የድምፅ መቅጃ ይበቃል። የሰኞውን ሪፖርት ቆሞ ለሦስት ደቂቃ ያቅርብና ይቅዳ፤ ብቻውን ያድምጥ። አንቺ ከክፍሉ ውጪ፤ ይህ አስፈላጊ ነው፣ የመጀመሪያው መስማት ሁልጊዜ ያሳፍራል። ለእያንዳንዱ «ማለት ነው» ወረቀት ላይ ጭረት ያድርግ፣ ከጎኑም ቀጥሎ የመጣው ምን እንደነበር በአንድ ቃል ይጻፍ፦ ቁጥር፣ ስም፣ አዲስ ጉዳይ። አብዛኛው ጭረት ከአንዱ ጉዳይ ወደ ሌላው ሲሻገር ተከምሮ ማግኘቱ አይቀርም። ስለዚህ የሚዘጋጀው መሻገሪያው ነው። ሪፖርቱ አራት ጉዳይ ካለው ሦስት መሻገሪያ አለው፤ እነሱን ከመክፈቻውና ከመዝጊያው ጋር ቃል በቃል ጽፎ ይያዛቸው። «ብድሩን እዚህ ላይ ላቁምና ወደ ቁጠባው ልለፍ» ዓይነት። የቀረውን ሙሉውን አይጻፍ፤ የጻፈ ሰው አቀርቅሮ ያነባል፣ መስመሩ ሲጠፋበትም «ማለት ነው» በእጥፍ ይመለሳል።

በቦታው የሚደረገው ነገር አፍ መዝጋት ነው፤ በቀጥታ ትርጉሙ። ግሱን ይናገር፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጨርስ፣ ከንፈሩን ይግጠም፣ በአፍንጫው አንዴ ይተንፍስ፣ ከዚያ ይቀጥል። ከንፈር ተገጥሞ «ማ» ማለት አይቻልም። አንድ ሴኮንድ ይፈጃል፤ ለተናጋሪው ረጅም ይመስላል፣ ሰሚው ግን ማስታወሻ የሚይዘው በዚያች ጊዜ ነው። «ማለ...» ብሎ ከጀመረው በኋላ ቢያስታውስ እዚያው ይግጠምና ይቀጥል። «ይቅርታ» አይበል፣ ከመጀመሪያው አይመለስ። በቀን አንድ ጊዜ አምስት ደቂቃ፣ ለሁለት ሳምንት፣ ይህች አንዲት ቃል ብቻ።

መበላሸቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ስለሆነ ቀድማችሁ እወቁት። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይብስበታል፤ እያንዳንዷን ስለሚሰማት ይደናቀፋል፣ አሁንም ተጠንቅቆ የሚብስበት ለዚያ ነው። ሁለተኛው ችግር መተካት ነው። ቃሉን ብቻ ለማስቀረት ሞክሮ አፉን ካልዘጋ «ስለዚህ» ወይም ረጅም «እ...» ይገባበታል። ከሁሉ የምንፈራለት ግን የስብሰባ አማርኛ ነው። «ቅርንጫፎቹን ጎበኘን ማለት ነው» ይል የነበረ ሰው «ቅርንጫፎቹን ከመጎብኘት አንጻር የተሠሩ ሥራዎች አሉ» ማለት ከጀመረ ከድጡ ወደ ማጡ ሄደ። በመጀመሪያው ማን ምን እንደሠራ ይታወቃል፤ በሁለተኛው ተሸፍኗል። እውነቱን ለመናገር «ማለት ነው» ያለበትን የመጀመሪያውን አንመርጥም ማለት አንችልም። ሦስተኛው ችግር «ዜሮ ካልሆነ አይሆንም» ማለት ነው። በሦስት ደቂቃ ሃያ የነበረው አምስት ከሆነ ሰው አያስተውለውም፤ እዚያ ላይ ይቁም።

ስብሰባ ላይ «ገባችሁ?» የሚል ከሆነ መተኪያ አለው። ለአለቆች «ገባችሁ?» እንደ አስተማሪ ነው የሚሰማው። በየጉዳዩ መጨረሻ አንዴ ብቻ «እስከዚህ ግልጽ አድርጌዋለሁ?» ቢል ሸክሙ ወደ ራሱ ይዞራል፤ ጥያቄ ያለውም ያነሳል።

ያንቺ ድርሻ በልምምዱ ላይ ጠባብ ነው። በአምስቱ ደቂቃ ውስጥ፣ እሱ ከጠየቀሽ ብቻ፣ ጠረጴዛውን በጣትሽ ቀስ ብለሽ ንኪ። ከአምስቱ ደቂቃ ውጪ ምንም። እራት ላይ፣ እንግዳ ፊት፣ ስትጣሉ፣ በዓይንሽም ቢሆን አታርሚው። ቤቱ እንደልቡ የሚያወራበት ቦታ ሆኖ ይቆይለት። ልጅሽም ምንም አልሆነችም፤ «ተኛች ማለት ነው» ያለችው የሰማችውን በቦታው አስገብታ ነው፣ የአራት ዓመት ልጅ ሥራዋ ይሄ ነው። «ልጅህን እንኳ አስለመድካት» የሚለው ነገር ከአፍሽ እንዳይወጣ ብቻ አደራ።

ከሁለት ነገር አንዱን ካየሽ ግን ይህን ሁሉ ልምምድ ተዪው። ከ«ማለት ነው» በፊት ፊቱ ይጨናነቃል? የቃሉን መጀመሪያ ይደጋግማል፣ ወይም ሊለው ያሰበውን ቃል ትቶ ወደ ሌላ ይዞራል? እንደዚያ ከሆነ መንተባተብ ሊሆን ይችላል፤ የሚንተባተብ ሰው የሚከብደውን ድምፅ በእንዲህ ያለ ቃል ተንደርድሮ ይሻገረዋልና መሻገሪያውን መንጠቅ ይጎዳዋል። የንግግር ሕክምና ባለሙያ ያስፈልገዋል። በቅርብ ጊዜ የሚያውቃቸውን ዕቃዎችና ሰዎች ስም መርሳት ከጀመረ ደግሞ ሐኪም ይየው። ባንቺ በኩል የማኘክ፣ የትንፋሽ፣ የእስክሪብቶ ድምፅም እንዲሁ እስከ ቁጣ የሚያደርስሽ ከሆነ፣ ነገሩ ከባለቤትሽ አነጋገር ሰፋ ያለ ስለሆነ የሥነ ልቦና ባለሙያ ብታማክሪ እንመክርሻለን።

«አልፈልግም» ካለሽ ቃልሽን ጠብቂ፤ አታንሺው። የመጀመሪያውን ሳምንት ሥራሽን ብቻ ቀጥዪ፣ ስለ ወለዱ ያለሽን ቅሬታም በራሱ ቀን ንገሪው። እሺ ካለሽና ሰኞ ማታ ሲመለስ በሩ ላይ «ስንት ጊዜ አልክ?» ብለሽ አትቀበዪው። «ስለ ቁጠባው ያቀረብከውን ምን አሉህ?» በዪውና ቁጭ ብለሽ አዳምጪው።